ይህ ልክ የማን ነው?

ቅናት ቁርስ አያስበላም። ያን ሐሙስ ጠዋት አባቷ ዳቦውን ሁለት ጊዜ ወደ እሷ ገፋ፤ ሁለት ጊዜ መልሳ ገፋችው። ሻዩን ቆማ ጨለጠችና ሹራብ እንኳ ሳትደርብ ወጣች። በባዶ ሆድ ላይ ብርድ፣ በብርዱ ላይ ንዴት! ሰውነት ብረት አይደል፣ እንዴት ይችለዋል?

መርፌ ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ናቸው። ስትቀጠር እንደ መርፌ የቀጠነች ስለነበረች ነው ይላሉ አንዳንዶቹ፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ስለሆነች ነው ይላሉ ሌሎቹ። ምላሷን የቀመሱት ግን ሦስተኛ ምክንያት አላቸው። ሥራዋም ከስሙ አይርቅም፤ ለሆስፒታል፣ ለሆቴልና ለትምህርት ቤት የደንብ ልብስ በሚሰፋ ድርጅት ውስጥ ኮድ ትጽፋለች። ሌላው የጻፈው ሲተረተርም ከየት እንደተተረተረ ፈልጋ የምትጠግመው እሷ ናት።

የምትሠራው ምድር ቤት ነው። ሥራ አስኪያጁ፣ የድርጅቱ ባለቤት አንድ ልጅ፣ የሚቀመጠው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስለዚህ «ሦስተኛ ፎቅ» ትለዋለች፤ መጀመሪያ ለሐሜት፣ በኋላ ለቁልምጫ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስተኛ ፎቅ በየቀኑ ወደ ምድር ይወርድ ነበር። ቆራጮች የጣሉትን የልብስ ቅድ ወረቀት ቁራጭ አንስቶ፣ የፈለገውን ነገር በእርሳስ ሞነጫጭሮበት፣ መጥቶ ከኋላዋ ይቆማል።

«እንዲህ ያለ ነገር ትሠሪልኛለሽ?»

«ይሄ ምንድን ነው? ድመት ነው?»

«አዝራር ነው እንጂ! ሰው ሲጫነው ትዕዛዙ ይሄዳል።»

«ጆሮ አለው እኮ!»

አርባ አንድ ወረቀት በመሳቢያዋ ውስጥ አለ፤ አንዱንም አልጣለችም። ሠላሳ ሰባተኛው ላይ አዝራርም ሰንጠረዥም የለም፤ ሁለት የሻይ ብርጭቆና አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ። ነገሩ የተጀመረው ያን ቀን ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ራቅ ያለች አንዲት ሻይ ቤት አለች፤ ጥጉን ይዘው ይቀመጣሉ፣ የድርጅቱ ባለቤት የሆኑት እናቱ እንዳይሰሙ፣ አባቷ እንዳይሰማ። አባቷ በዚያው ድርጅት ሃያ ሁለት ዓመት ዋና ቆራጭ ነበር። ጨርቅ የምትቆርጠው መኪና የመጣች ዕለት የግድግዳ ሰዓትና የምስጋና ወረቀት ሰጥተው አሰናበቱት። ከዚያ ወዲህ የድርጅቱን ስም በአፉ ጠርቶት አያውቅም፤ ልጁ እዚያ ስትቀጠር እንኳ «ሥራ ሥራ ነው» ብቻ ነው ያለው።

እንዲህ እያሉ ሳለ ሥልጠናው መጣ።

ለድርጅት መሪዎች ነው ተባለ። ኮድ የሚባል ነገር ሳያውቁ፣ የፈለጉትን በቃል እየነገሩ፣ ኤአይ እየጻፈላቸው የአፕ ናሙና በገዛ እጃቸው ሊሠሩ! ከየድርጅቱ ስድስት አለቆች ተመዘገቡ፣ አንዱ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሥልጠናውም በእነ መርፌ መሥሪያ ቤት ሆነ፤ ከስድስቱ አራቱ ያለ ጸሐፊያቸው አንዲት ደብዳቤ አትመው የማያውቁ ናቸው። አሠልጣኟ ደግሞ፣ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ደረጃውን የሚወጣ፣ ከባድ ኮምፒውተሯን በግራ ትከሻዋ አንጠልጥላ የምትሄድ፣ እንደ ሸምበቆ የተመዘዘች ልጅ ነበረች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሦስተኛ ፎቅ አልወረደም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» የምትል መልእክት ብቻ። አርባ ሁለተኛው ወረቀት ቀረ።

መርፌ ታዲያ አንድ ቀን የማትፈልገውን ፋይል ይዛ ወደ ላይ ወጣች። በመስታወቱ በር አየችው። ብቻውን ለስክሪኑ ፈገግ ይላል፤ ያ በሷ ቀልድ ሲስቅ የምታውቀው የአንድ ጉንጩ ፈገግታ። አሠልጣኟ በትከሻው ላይ ጎንበስ ብላ ትጠቁመዋለች። በስክሪኑ ላይ በትልልቅ ፊደል የጻፈው ደግሞ ይነበባል፦ «እባክሽ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ሞክሪልኝ። ጎበዝ ነሽ።»

በአንድ ቀን ሁለት ጣውንት! አንዷ ሽቶ ያላት፣ አንዷ፣ ያች ኤአይ፣ ገላ እንኳ የሌላት። የቷን እንደምትጠላ ግራ ገብቷት ደረጃውን ወረደች። እግሯ ሲወርድ ልቧ ግን እዚያው በሩ ላይ ቀርቶ ነበር።

---

ያን ሐሙስ ከሰዓት ስድስቱ አለቆች የሠሩትን የሚያሳዩበት ቀን ነው። የምድር ቤቶቹ ኮድ ጸሐፊዎችም ተጠርተው በአዳራሹ ግድግዳ ጥግ ቆመዋል። እስቲ አስቡት፤ ሠርገኛው ሲበላ ወጥ ሠሪዋን ቆመሽ እዪ እንደማለት።

መጀመሪያ የተነሣው የአውቶቡስ ድርጅት ባለቤት ነው። ሆዱ ከሱ ቀድሞ ተነሣ።

«በሁለት ቅዳሜ ብቻ ነው የሠራሁት!» አለ። «ይሄው፤ መንገደኛው ወንበሩን በጣቱ ይነካል፣ ትኬቱ በስልኩ ይመጣለታል።»

የዳቦ ፋብሪካው ባለቤት መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አየ። «ወንድሜ፣ ይሄ አውቶቡስ ነው ወይስ ስታዲየም? ሦስት መቶ ወንበር ይታየኛል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አሠልጣኟ እየሳቀች አስረዳች፤ «የወንበሩን ቁጥር ለኤአዩ አልነገሩትም። ያልነገሩትን ነገር ከራሱ ገምቶ ይሞላዋል። ናሙና ነውና ግድ የለም።»

ቀጥሎ ሦስተኛ ፎቅ ተነሣ። ወደ ግድግዳው ጥግ አንድ ጊዜ አየና ቶሎ ዓይኑን መለሰ። መርፌ ያችን እይታ የጥፋተኛ እይታ አድርጋ ያዘችበት።

የሠራው እውነትም ደስ ይላል። ደንበኛ በቤቱ ሆኖ ልኩን ያስገባል፤ ስክሪኑ ላይ ያ ሰው በቁመቱ በስፋቱ ይሳላል፤ ልብሱን ያለብሱታል፣ ያዞሩታል። ለናሙና የተሳለችው አንዲት ሴት ናት። በጎኗ ቁጥሮቹ ተደርድረዋል። ትከሻ ሠላሳ ሰባት። ወገብ ስልሳ ሁለት። እጅጌ ሃምሳ ስድስት። ከሥር በማስታወሻው ቦታ፦ «ግራ ትከሻ በአንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል።»

«ውይ፣ ስታምር!» አለች አሠልጣኟ። «ማናት?»

ሥራ አስኪያጁ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ናሙና ናት» አለ።

ሌላ ሰው ቁጥር ያያል፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ግን ገላ ታያለች። መርፌ በአባቷ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ ያደገችው ልክ ሲጠራ እየሰማች ነው፤ ቁጥር ሰምታ ሰውዬው ሲራመድ የሚታያት ልጅ ናት። እንዲህ ያለ ወገብ የማን ነው? የሸምበቆዋ። ግራ ትከሻው ዝቅ የሚለው ማን ነው? ያን ከባድ ኮምፒውተር ስታንጠለጥል የምትውለው። አንዲት ሳንቲ ሜትር! አንዲት ሳንቲ ሜትር በዓይን አይታወቅም፤ ሜትር ይዞ፣ ተጠግቶ፣ በጀርባዋ ዞሮ የለካ ብቻ ነው የሚያውቃት። እጁ እዚያ ደርሷል ማለት ነው።

«መርፌ» አለ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ በሰው ሁሉ ፊት። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ያምራል» አለች።

ፊቱ በራ።

«አባቴ ለመለካት ያህል ብቻ በልል ክር የሚያያይዘው ልብስ አለ። ቆመው መስታወት ሲያዩበት እንደርስዎ ናሙና ያምራል። ሲቀመጡበት ግን ከኋላው ይተረተራል።»

የአውቶቡሱ ባለቤት ሳቁ አመለጠው። ከሁሉ የከፋው ያች «እርስዎ» ናት። ሁለት ዓመት አንተ ያለችውን ሰው እርስዎ ስትለው በር እንደመዝጋት ነው።

«ስህተቱ ምኑ ላይ ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«ልኩ ላይ። የሰው ገላ ነው። የሰው ልክ ሲወስዱ ያስፈቅዳሉ።»

«ሳላስፈቅድ አልወሰድኩም።»

ለሷ የቀረው ይኸ ነበር። ተፈቅዶለታል! አሠልጣኟ ቦርሳዋን ከግራ ወደ ቀኝ ትከሻዋ ስታዛውር አየቻት። ያች ትንሽ እንቅስቃሴ እንደ ጥፊ ጆሮዋ ላይ ጮኸች።

---

ከአንድ ሰዓት በኋላ የድርጅቱ ባለቤት አስጠሯት። በድርጅቱ ያለ ሰው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል። ቢሯቸው ውስጥ ከጀርባቸው፣ በመስታወት ሳጥን፣ ሥራ የጀመሩባት አንዲት የእጅ ስፌት መኪና ተቀምጣለች። ቀለሟ ተልጧል፤ መዘውሯ ግን አሁንም ይዞራል ይባላል።

«ተቀመጪ። በልተሻል?»

«በልቻለሁ፣ እትዬ።» ውሸቷን ነው።

«ልጄ ዛሬ በሰው ፊት አፈረ።»

መርፌ በመስታወቱ ሳጥን ያለችውን መኪና አየች።

«አባትሽ እጁ ወርቅ ነበር። መኪናዋ ስትመጣ እኔ ምን ላድርግ? በክብር ሸኘሁት።»

«የግድግዳ ሰዓት ሰጡት» አለች መርፌ። «አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም። በየሰዓቱ ያስታውሰናል።»

እትዬ ረጅም ጊዜ አዩዋት። «ምላሷ ይወጋል ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። እንግዲህ በግልጽ ልንገርሽ። ሻይ ቤቷን የማላውቅ መስሎሽ ነው? አውቃለሁ። ልጅነት ነው ብዬ ታገስኩ። አሁን ግን ልጄ ሦስት ሳምንት ከዚያች አሠልጣኝ ሳይለይ ከረመ፤ አባቷ ጨርቅ አስመጪ ነው፣ ቤታቸውንም አውቀዋለሁ። ደግሞ የምትሠሩለትን ነገር ራሱ መሥራት ጀመረ። አንቺ ልባም ነሽ። በገዛ ፈቃድሽ ብትለቂ እንከን የሌለው የሥራ ምስክር እጽፍልሻለሁ። ሰው ሳያባርሩት ሲወጣ ክብሩ አብሮት ይወጣል።»

ንግግራቸው ውስጥ ክፋት ቢኖር ኖሮ በተሻላት። የነበረው ግን የእናት ጭንቀት ነው፤ እሱን ደግሞ በምን ይመልሱታል?

ወደ ምድር ቤት ወርዳ ደብዳቤውን ጻፈች። ሦስት መስመር አልሞላም። ሁለቱን መስመር አልቅሳ፣ ሦስተኛውን ደርቃ ነው የጻፈችው። ለእትዬ በእጃቸው ሰጥታ ተመልሳ መሳቢያዋን ከፈተች፤ አርባ አንዱን ወረቀት ልትቀድድ አነሣች፣ የላይኛው ያ ጆሮ ያለው አዝራር ነው። መልሳ ዘጋችው። ጆሮ ያለው ነገር እንዴት ይቀደዳል?

---

ቤት ስትደርስ ፀሐይዋ ገና መስኮቱ ላይ ነበረች። አባቷ የሰው ሱሪ እግር እያሳጠረ ነው። ቀና ብሎ አያት፣ መኪናውን አቆመ።

«ዓይንሽን ምን አገኘው?»

«አቧራ ነው።»

«ሁለቱንም?»

ተቀመጠች። «አባዬ፣ ሥራ ለቀቅኩ።»

አባቷ አልጮኸም። መርፌውን ደረቱ ላይ ሰካ፤ ሲያስብ እንዲህ ነው። «በዚያ ልጅ ምክንያት ነው? በሦስተኛ ፎቅ?»

ደነገጠች። «ማን ነገረህ?»

«ግድግዳችን ስስ ነው፤ አንቺ ደግሞ በስልክ ስታወሪ ሹክሹክታ የማትችዪ ልጅ ነሽ። ደግሞም እዚህ መጥቶ ነበር።»

«እዚህ? የት እዚህ?»

«እዚያች ወንበር ላይ፣ አንቺ የተቀመጥሽባት። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ጸጉርሽን ልትሠሪ ሄደሽ። በር ላይ ቆሞ ሳይገባ ብዙ ቆየ፤ የእናቱን ልጅነት ያኔ አየሁበት፣ ኩራታም ነው ግን ይፈራል። ‹አባባ፣ ሙያዎን ፈልጌ ነው› አለኝ። አንድ ናሙና እየሠራ ኖሯል። ‹ሰው ሳልልኝ› ሲለው ኤአዩ ከራሱ ቁጥር ገምቶ ሰው አወጣለት፤ አሳየኝ። ልጄ፣ እጁ ከጉልበቱ በታች የሚወርድ ፍጡር! ሳቄ አልቆም አለኝ። ‹የእውነት ሰው ልክ ይስጡኝ፤ ትከሻ ከእጅጌ እንዴት እንደሚስማማ ያስተምሩኝ› አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ቤት ስሠራ ከሦስተኛ ፎቅ ወርዶ አስተምረኝ ያለኝ ሰው አልነበረም።»

«እና የማንን ልክ ሰጠኸው?»

«‹የማንን ትፈልጋለህ?› አልኩት። ወለሉን እያየ ‹የልጅዎን› አለኝ።» አባቷ ሳቁን ሊደብቅ ሱሪውን አገላበጠ። «አርባ ዓመት ልክ ስወስድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሴት ልጅ ልክ ለምን እንደሚጠየቅ አጥቼው ነው? ‹ለኮት ነው ወይስ ለቬሎ?› አልኩት። እንዴት እንደቀላ ብታዪ! ‹አባባ፣ ኮት የሚያሰፋ ሰው ይሄን ያህል አይፈራም› አለኝ። ምሥጢር እንድጠብቅለት አስማለኝ፤ ራሱ ሊነግርሽ። ሲሄድም ለሰዓቱ ይቅርታ ጠየቀኝ።»

ተነሥቶ ከመደርደሪያው የልክ ደብተሩን አወረደ። ጠርዙ በጠመኔ የነጣ፣ ገጹ በእጅ ብዛት የለሰለሰ ደብተር። ገለጠላት። ትከሻ ሠላሳ ሰባት። ወገብ ስልሳ ሁለት። እጅጌ ሃምሳ ስድስት።

መርፌ ቁጥሮቹን አየች፤ እንደገና አየች። «ይሄ የኔ ነው?»

«የምርቃትሽ ቀሚስ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት። ከዚያ ወዲህ የተሰፋ እየገዛሽ መች አስለካሽኝ?» ድምፁ ላይ ትንሽ ቅሬታ ነበረ፤ የቆየ ቅሬታ።

«ግራ ትከሻዬ ዝቅ ይላል?»

አባቷ ክር የሌለበትን ጣቱን እንደ ክር አሸ።

«አባዬ!»

«በሙያችን ለሰው ጉድለቱን አይነግሩትም፣ ልጄ። ደብተር ላይ ይጽፉታል፣ ከውስጥ ጥጥ ይሞሉለታል፣ መስታወቱ ፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በቃ። ከትምህርት ቤት ቦርሳሽ ይሁን ከምን እንጃ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ ነው። የሰፋሁልሽ ልብስ ሁሉ በግራው ጥጥ አለበት።»

ቀኑን ሙሉ የጠላቻት ሴት፣ ዓይኗን ልትጓጉጣት የቃጣት ሴት፣ ራሷ ነበረች። ከሚያስቀው ነገር አልቅሳ ጨረሰችና ከሚያስለቅሰው ሳቀች። ጥቂት ቆይቶ ግን ሌላ እሾህ ብቅ አለ። ወገቧ ዛሬ ስልሳ ሁለት አይደለም። ስድስት ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጦ መኖር ምልክቱን ጥሏል። ታዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈገግ ሲልላት የከረመው ለዚያች ቀጭን ልጅ ነው? ቅናት መግቢያ አያጣም፤ በሩን ቢዘጉበት በስፌቱ ቀዳዳ ይገባል።

---

አርብ ጠዋት ግን ቁርሷን በላች። ሹራቧንም ደረበች።

የናሙና ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ልብስ የሚለካባት እግር የሌላት አሻንጉሊት መሐሉ ላይ ቆማለች። ሦስተኛ ፎቅ ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ከአሻንጉሊቷ ሥር ተቀምጧል። ዓይኑ እንቅልፍ አላየም።

«ልኩ ተሳስቷል» አለች በሩ ላይ ቆማ።

«ትናንት ነግረሽኛል። በስድስት አለቃ ፊት።»

«የትናንቱ ሌላ፣ የዛሬው ሌላ። ያቺ ልጅ የለችም። የዛሬ ስድስት ዓመት ተመርቃ ሄዳለች።»

ገባው። ጆሮው ቀላ። «አባባ ነገሩሽ?»

«ደብተሩን አሳየኝ። በሰው ፊት ገላዬን ዘርግተህ ‹ናሙና ናት›! እፍረትም የለህ!»

«ታውቂዋለሽ ብዬ እኮ ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ ነሽ፣ ገና ስታዪው ትስቂያለሽ ብዬ። ያችን ሳቅ ስጠብቅ ነው ሦስት ሳምንት የከረምኩት። አንቺ ግን ሳቅሽን ትተሽ እርስዎ አልሽኝ።»

«ለምን አልወረድክም?»

ኮምፒውተሩን ዘጋና መልሶ ከፈተው። «ሁልጊዜ ስወርድ እጄን ዘርግቼ ነው። ሥሪልኝ፣ ጠግኚልኝ፣ አስተካክዪልኝ። አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ጎደሎም ቢሆን በራሴ እጅ ሠርቼ ላሳይሽ ብዬ ነው። ቦታሽን ልወስድብሽ አይደለም። ይሄውልሽ፣ ልብሱ ሲታይ ያምራል፣ ትዕዛዙን ስትልኪው ግን የትም አይደርስም። ሲቀመጡበት ይተረተራል ያልሽው እውነት ነው። የሚሰፋው አንቺ ስትነኪው ነው።»

ልቧ መቅለጥ ጀምሮ ነበር፤ አንድ ነገር ግን ያልወጣላት አለ። «እሷንስ? ‹እባክሽ›፣ ‹ጎበዝ ነሽ› የምትላትን?»

«ማንን?»

«ኮምፒውተርህ ውስጥ ያለችውን መኪና!»

እንደ ሕፃን ሳቀ። «በመኪና ትቀኛለሽ?»

«በመኪናም፣ በሽቶም፣ በደብተርም እቀናለሁ! ምን አገባህ?»

ስክሪኑን አዞረላት። ሦስት ሳምንት ለኤአዩ የጻፈው ሁሉ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። «አንብቢው» አለ። «መጀመሪያ ቀን እንደ ትእዛዝ ልጽፍ ሞከርኩ፤ እጄ እንቢ አለ። ሁለት ዓመት ወንበርሽ ኋላ ቆሜ እንደምጠይቅሽ ካልጻፍኩ ቃሉ አይመጣልኝም።»

አነበበች። «እባክሽ፣ እጅጌው ረዘመ፤ እንዲህ ካየችው ትስቅብኛለች።» ወረድ አለች። «አዝራሩን ጆሮ ቀጥዪለት። አትጠይቂኝ፣ እሷ ታውቀዋለች።» ደግሞ ወረድ አለች። «አይደለም፣ ትከሻዋን ቀጥ አታድርጊው። ግራው ትንሽ ዝቅ ይላል። ስታስብ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ ይላል።»

መርፌ ማንበቡን አቆመች። ያነበበችው የሷ የሆነ ደብዳቤ ነው፤ አድራሻው ብቻ ነው የሌላ።

«ስታስብ የሚለውን አባቴ አልነገረህም» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ትከሻሽን ሲያነቡልኝ ‹አውቃለሁ› አልኳቸው። ሁለት ዓመት ከኋላሽ ቆሜ ምን የማይ ይመስልሽ ነበር? ኮድ?»

ገላዋ ሁሉ ሞቀ። እሷ እንኳ የማታውቃትን አንዲት ሳንቲ ሜትር ሰው በልቡ ይዟት ሲዞር ኖሯል። ያም ሆኖ የቅናት ነገር! ጨርሶ አልሞተም።

«ያቺን ልጅ ግን አልወዳትም» አለች።

«የቷን?»

«ስልሳ ሁለቷን።» ከሹራቧ ኪስ የአባቷን ሜትር አወጣች፤ ጫፉ የተበላ፣ ቢጫው የገረጣ። ዘረጋችለት። «የዛሬዋን ለካት። ቁጥሩ ሲበዛ ፊትህን እያየሁ ነው።»

ተነሣ። ሜትሩን በወገቧ ዙሪያ ሲያሳልፍ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ ልቧ እንዳይሰማባት።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። እትዬ ናቸው። በአንድ እጃቸው የመልቀቂያ ደብዳቤዋን፣ በሌላው እስክሪብቶ ይዘዋል፤ ሥራ አስኪያጁን ሊያስፈርሙ ነው የመጡት። ቆሙ። ልጃቸውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ ሜትሩን አዩ።

«እማዬ» አለ ልጃቸው፣ ሜትሩን ሳይለቅ። «ከአሠልጣኟ ጋር የከረምኩት ለዚህ ነው። ሌላ የለም።»

የእትዬ ዓይን እጁ ላይ ነበር፤ ዓይናቸው ውስጥ ደግሞ የድርጅት ባለቤት ሳይሆን ያች የእጅ መኪና የምታዞር ወጣት ሴት እየተነሣች ነው። አሥር ቁጥር እስኪቆጠር ድረስ ቻሉት። ከዚያ ወዲያ አልቻሉም።

«እንዲህ አጥብቀህ አይለካም!» አሉ። «አንድ ጣት አስገባበት። ሰው አይደለችም እንዴ? ትተንፍስ።»

አንድ ጣት አስገባ። መርፌ ተነፈሰች።

በስፌት ቤት የለካው ይጠራል፣ ሌላው ይጽፋል፤ ይህ ሕግ ፎቅም ምድር ቤትም አይልም። «ስንት መጣ?» አሉ እትዬ።

«ስልሳ ዘጠኝ።»

መጻፊያ ፈለጉ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አልነበረም። በእጃቸው ያለው አንድ ብቻ ነው። ደብዳቤውን ገለበጡትና በጀርባው ጻፉ፤ ስልሳ ዘጠኝ።

«ትከሻ?»

«ሠላሳ ስምንት። ግራው...» ሦስተኛ ፎቅ ቃሉን ዋጠው።

እትዬ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው የመርፌን ጀርባ በዓይናቸው ለኩ፤ ትናንት ያለቀሰ፣ ስድስት ዓመት በኮምፒውተር ላይ ያጎነበሰ፣ የአንድ ቆራጭ ልጅ ጀርባ። ቁጥሩ ሥር አንዲት አጭር መስመር ጨመሩ፤ ያልተፈረመበትን ወረቀት አጥፈው ከአንገት ልብሳቸው ሥር አስገቡት።

ምን እንደጻፉ መርፌ አልጠየቀችም። ከአባቷ ደብተር ታውቀዋለች። ለሰው ጉድለቱን አይነግሩትም፤ ይጽፉታል፣ ከውስጥ ይሞሉለታል። ለመጀመሪያ ጊዜም ያችን ስልሳ ሁለቷን ልጅ አዘነችላት፤ ምስኪን፣ ያን ጊዜ የለካት አባቷ ብቻ ነበር።